ጉግስ ያልነካቸው አጎቴ

ዛሬ ጎባ፣ ጥምቀት ላይ፣ የጉግስ ዘንግ የአንድ ወጣት ፈረሰኛ ዓይን ውስጥ ሲገባ ፊት ለፊት አየሁ። ደሙ የፈረሱን አንገት አለበሰው።

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ።

ነርሷ እህቴ ልጁን ሆስፒታል አድርሳ ቤት ስትመለስ ልብሷ በደም ተጨማልቆ ነበር። "በየበዓሉ ከዚህ ሜዳ የተፈነከተና የተሰበረ ነው የሚመጣልን። ይሄ ጨዋታ ሰው ይገድላል!" ብላ ጮኸች።

አጎታችን ጋሽ በቀለ ሳቁባት።

"ተይ እባክሽ! እኔ በጃንሆይ ጊዜ ከሮቤም ከጊኒርም የመጣ ፈረሰኛ ገጥሜያለሁ። ዘንጉ እንደ በረዶ ነበር የሚወርደው። ይኸው፣ ጭረት እንኳን የለብኝም!" ብለው ሸሚዛቸውን ፈተው ደረታቸውን አሳዩን።

(የልጁ ዓይን ጠፍቶ እኛ የሽማግሌ ደረት እናያለን።)

"እርስዎ አንድ ሰው ነዎት፤ እኔ የማወራው ስለ ፈረሰኛው ሁሉ ነው። አብረዎት የተጫወቱትስ?" አለቻቸው እህቴ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት የአጎቴ ታላቅ ወንድም ሚስት፣ አደ ጫልቱ፣ ወደ አጎቴ ዞሩ።

"ባለቤቴ አብሮህ ነበር። ዘንግ ግንባሩን ብሎት ሲወድቅ ሬሳውን ያነሳኸው አንተ ነህ። እሱም በሕይወት ቢኖር ዛሬ የራሱን ያወራ ነበር።"

ጋሽ በቀለ ቀና ሳይሉ ሸሚዛቸውን ቆለፉ።

እናንተስ ቤት "እኔ ምን ሆንኩ?" የሚል ሰው አለ? ኑ፣ ንገሩኝ። ግን መጀመሪያ አብረውት የነበሩት የት እንዳሉ ጠይቁልኝ።