ያለቀ ድንጋይ

ይህ የሆነው በቴሌቪዥን የሚሰጠው የፕላዝማ ትምህርት የየሰፈሩ ወሬ በነበረበት ዘመን፣ ትምህርት ሊከፈት በተቃረበበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። የአንድ ሰው አንድ ቃል ግን እስካሁን አልለቀቀኝም።

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱን ጋሽ ሸምሱ እንላቸዋለን። አንድ ጠዋት ኮቱ የነተበ፣ የማዳበሪያ ጆንያ የተሸከመ ወጣት በራችን ላይ ቆመና፣ «ያለቀ ድንጋይ ይኖራችኋል?» አለ።

ድንጋይ የሚለው የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ውስጥ የሚገባውን ነው። መርካቶ ውስጥ ያለቀውን የሚፈልጉት አጭበርባሪዎች ብቻ ነበሩ። ፀሐይ ላይ ያሞቁትና አዲስ ልባስ አልብሰው ለገጠር ሰው ይሸጡታል። በዚያው ሰሞን አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሸጣችሁልኝ ብሎ ጋሽ ሸምሱን በሰው ፊት አዋርዷቸው ነበር።

«አገኘሁህ!» ብለው የወጣቱን ኮሌታ ያዙ።

ጆንያው ተከፈተ። ከየቆሻሻው የለቀመው ድንጋይ ሞልቶታል። ጣቶቹም ጥቁር ናቸው። ለተሰበሰበው ሰው ይህ በቃው።

«እጁን እዩት! ፋብሪካው ይኸው!» አለ አንድ ተሸካሚ። ሳቁ ሳያባራ ጥፊው ቀጠለ። ተዉት ብዬ መሀል ስገባ በክርን ገፍትረው አወጡኝ። አንዱ ጆንያውን አንስቶ ጎርፍ የሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ዘቀዘቀው።

«አስተማሪ ነኝ» ይላል ልጁ፣ ከንፈሩ እየደማ። «ለሰሌዳ ነው!»

ነገሩ የገባን ቆይቶ፣ ጥፊው ቆሞ ልጁ ሲያስረዳን ነው። የሚያስተምርበት የገጠር ትምህርት ቤት ሰሌዳ ጥቁሩ ተልጦ ጠመኔ አይታይበትም። የድንጋዩን ጥቁር ሆድ ይፈጩትና በቅጠል ጭማቂ ለውሰው ይቀቡታል። በእነሱ አገር ያለቀ ድንጋይ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም።

«ፕላዝማ ገባላችሁ ሲባል አልነበረም እንዴ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«እሱ ለሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ጋሼ። ለእኛ ቢመጣም መብራት የለንም።»

ጋሽ ሸምሱ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ካርቶን አዲስ ድንጋይ ይዘው ወጡ። «አጥፍቻለሁ፣ አውፍ በለኝ መምህር። በል፣ ይህን ፍጭ።»

መምህሩ ካርቶኑን አየት አደረገና፣ «አዲሱን እንዴት ልፍጨው?» አለ። «ልጆቹ እኮ ማታ የሚያጠኑበት ብርሃን የላቸውም። ለእጅ ባትሪ ላድላቸውና ሲያልቅባቸው እሰበስበዋለሁ።»

«እስከዚያስ በምን ታስተምራለህ?» አልኩት።

«በቃል።»

ከንፈሩን በእጅጌው ጠርጎ፣ ካርቶኑን አቅፎ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ።

እኔ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብ የለመድኩት የሱቅ ታፔላ፣ የጆንያ ላይ ጽሑፍ፣ የመኪና ጀርባ ጥቅስ እየለቀምኩ ነው። መርካቶ ግድግዳው ሁሉ ፊደል ነው። የእነዚያ ልጆች ፊደል ግን ያቺ አንዲት የሰሌዳ ጣውላ ነበረች። መምህሩ «ሀ» ሲል፣ ልጆቹ የተላጠ እንጨት እያዩ «ሀ» ሲሉ ይታየኛል።