ያልጣለው ቡጢ

«ሰኔ ነበር» አለ ጥላው፣ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስቶ። «ሰኔ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ቆይ፣ ሐምሌ ገብቶ ይሆን እንዴ? ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው ትዝ ይለኛል። ሰኔ እንደዚያ አይዘንብም።»

«ጋሼ፣ ወሩን ተወውና ግጥሚያውን ንገረን» አለ የታክሲ ሾፌሩ።

ላውንደሪው ጠባብ ነው። በሩ አጠገብ ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የሚያሳጥቡት ልብስ የሌላቸውም የቡጢ ወሬ ሊያወሩ ይቀመጡበታል። ከጀርባቸው ላስቲክ የለበሱ ኮቶች ተሰቅለው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። ጥላው ጸጉሩ የሸበተው እዚሁ፣ ካውያ ሲገፋ ነው። ስሙን ያወጣለት ግን ሪንጉ ነው፤ ሲሰነዝሩበት እንደ ጥላ ይሸሽ ነበርና።

የዕለቱ ክርክር ያልተዘመረለት ቡጢኛ ማን ነው የሚል ነበር።

«እዚሁ ቆሞ ሱሪ ይተኩሳል እኮ!» አለ ሾፌሩ። «ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው አንድ ደህና ምት ሳያርፍበት ያሸነፈ ሌላ ሰው ጥራልኝ። ጥበብ ማለት ያ ነው!»

«ጥበብ?» አለ ከማዶ ያለው ባለ መድኃኒት ቤት። «ያን ግጥሚያ ያየ ሰው ከእኔ የእንቅልፍ ኪኒን ገዝቶ አያውቅም። ጠቅ አድርጎ ዞር፣ ጠቅ አድርጎ ዞር። አንድ ሰው እንኳ ያልዘረረ ቡጢኛ ምኑ ይዘመርለታል?»

«ወንድሜ፣ አንተ የምትፈልገው አደጋ ነው። ሂድና መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመህ መኪና ሲጋጭ ጠብቅ!»

ተሳሳቁ። ጥላውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ያን ቀን የተሸነፈው ሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ በካናቴራ ተቀምጦ፣ ሸሚዙ እስኪተኮስለት ይጠብቃል።

ብረቱ ይሉታል። የጥላው አብሮ አደግ ነው፤ ኋላም የእህቱ ባል ሆነ። በአንድ አሰልጣኝ እጅ፣ አንድ ጥንድ ጓንት እየተፈራረቁ ነው ቡጢ የተማሩት። ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ከቤቱ ወጥቶ የመመለሻው መንገድ የሚጠፋበት ቀንም አለ። እህትየው ከሞተች ወዲህ ጥላው በየቅዳሜው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ራሱ አልብሶና ቆልፎለት ይሸኘዋል።

እህቱ በግጥሚያው ዋዜማ ልምምድ ቦታ ድረስ መጥታ ነበር።

«ወንድምዬ፣ አታሸንፈው አልልህም» አለችው። «ግን እንዳትጥለው። ልጆቹ አባታቸውን ወድቆ እንዳያዩት። በእናታችን ሞት!»

ቃሉን ጠበቀ። በሦስተኛው ዙር የብረቱ ጉልበት ሲከዳው አየ። አንድ ቀኝ እጅ ይበቃው ነበር። አዳራሹ «ጨርሰው! ጨርሰው!» እያለ ይጮሃል። ጥላው ግን ተጠግቶ አቀፈው፤ ተመልካቹ ትግል ሲመስለው እሱ የብረቱ እግር እስኪጠና ድረስ ደግፎ አቆመው። ከዚያ ለቀቀውና እስከ ግጥሚያው ማብቂያ ደወል ድረስ በቀስታ ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ቆየ። ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ደግሞ ግንባሩን። እንደ መራራት ቆጥሮት ነበር።

ከዓመታት በኋላ ብረቱን ሐኪም ቤት ይዞት ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ሰማ። «የሚጎዳው የሚጥለው ምት ብቻ አይደለም» አለው ሐኪሙ። «ቆመው የሚቀበሉት ትንንሹም ይጠራቀማል።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሆዱን ይበላዋል። ብረቱ ያን ቀን ደግፌ እንዳቆምኩት ያውቃል? ካወቀስ፣ ምነው ጥሎኝ በነበር ይል ይሆን? በየቅዳሜው ልጠይቀው ብሎ ይነሳና በየቅዳሜው ለሚቀጥለው ያሳድረዋል። አሁን ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ የለም። የብረቱ ልጅ አባቷን ሌላ ከተማ ወዳለው ቤቷ ልትወስደው፣ ደጅ ላይ ሻንጣ እያስጫነች ነው።

«እስቲ ብረቱ ይፍረደን» አለ ሾፌሩ።

ብረቱ ቀና አለ። ቃሉ እስኪወጣለት ሁሉም ጠበቁት።

«እኔን… የጣለኝ… የለም።»

«ይኸው!» አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ ጉልበቱን እየመታ። «ባለቤቱ መሰከረ! ሰውዬው ቡጢ የለውም!»

«የለውም» አለ ብረቱ፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፈካ። «የሱ ቡጢ… ዝንብ… አያባርርም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጥላው ግን ያን የፈካ ፊት አየ። ሚስቱን፣ ሥራውን፣ ግማሽ ትዝታውን ለተነጠቀ ሰው የቀረችው ይህች አለመውደቁ ብቻ ናት። እሷንም በምን አንጀቱ ይንጠቀው?

ሁለቱ ተከራካሪዎች ሻንጣ ሊያግዙ ወጡ። ጥላው ትኩሱን ሸሚዝ አመጣ፤ አንዱን እጅ አስገባ፣ ሌላውንም። ከታች ጀምሮ ይቆልፍለት ገባ።

«ስማኝማ» አለ አላስችል ብሎት፣ ቀና ሳይል። «ያን ቀን፣ በሦስተኛው ዙር…»

ብረቱ የሚንቀጠቀጥ እጁን የጥላው እጅ ላይ አሳረፈ።

«አውቅ… ነበር» አለ።

ጥላው ቀና አለና ፊቱን ፈተሸው። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለይለት አለ፤ የብረቱ ፊት ሳቁ ጠፍቶ ተመልሶ ተዘግቷል።

«እና አልተቀየምከኝም?» ሊል አፉን ከመክፈቱ ልጅቷ ገባች።

«አባባ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በል እንነሳ። አጎቴ፣ ስለ ደከምክለት ሁሉ ብድርህን እግዜር ይክፈልህ።» ጉንጩን ሳመችው። የላይኛውን ቁልፍ ራሷ ቆለፈችና አባቷን በእጁ ይዛ ወጣች።

ጥላው የተወውን ካውያ ከጨርቁ ላይ አንስቶ አቆመና ተከትሏቸው ወጣ። ብረቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል፤ መስታወቱ ተዘግቷል፤ ፊቱ ወደዚያኛው በኩል ነው። ጥላው መስታወቱን ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

መኪናው ተንቀሳቀሰ።