ለሰባት ወር ልጅ የሚሆን ሙቀት

ነርሷ ልጄን በጋቢ ጠቅልላ ስታስረክበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ «ይቺ ልጅ በሰባት ወሯ ነው የመጣችው፤ ራሷን ማሞቅ አትችልም። ቤቱን እናንተ አሙቁላት፤ ከበረዳት ትሞትባችኋለች።» ይህን ስትለኝ ልጄ በወጣችበት የሙቀት ሳጥን ውስጥ ሌላ ሕፃን እያስገባች ነበር፤ ወረፋ ነበረው። እኔ ሞኟም «እሺ እህቴ፣ እናሞቃለን» ብዬ ወጣሁ። ቤት ማሞቅ ቀላል ነገር መስሎኝ!

ቤታችን ቦሌ ነበር፣ ቪላ ግቢ ውስጥ። ቪላ ስላልኩ ግን ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቪላው ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስ ዋናው ቤት ውስጥ አንድ ካድሬ ከነቤተሰቡ ገባ፤ ድሮ ሠራተኞች ያድሩባት የነበረችውን ሰርቪስ ደግሞ ቀበሌው ለእኛ አከራየን። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ የብረት ፍርግርግ ያላት አንዲት መስኮት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ አቡጀዴ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ትንፋሻችን ይታየን ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮው ግሎ በላብ ያጠምቀናል፤ ባሌ ጆንያ በውሃ እየነከረ ጣሪያው ላይ ያነጥፋል። ጠዋት ብርድ ልብስ፣ ቀን እርጥብ ጆንያ፣ ማታ ደግሞ ብርድ ልብስ። ለእኔና ለባሌ ምንም አልነበረም፤ ለዚያች ክንድ ለማትሞላ ልጅ ግን ያ ቤት የሚገድል ቤት ነበር።

ባሌ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ክፍል ይሠራ ነበር። አገር ለቆ የሚሄድ ፈረንጅ ሁሉ ዕቃው በእሱ በኩል ስለሚያልፍ፣ ማን ምን እንደሚሸጥ ቀድሞ ይሰማል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ፊቱ በርቷል።

«ማሽን አገኘሁ» አለኝ።

«የምን ማሽን?»

«በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ሲፈልጉ ሙቅ፣ ሲፈልጉ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል። ጆንያውም ቀረ፣ ብርድ ልብሱም ቀረ!»

ዋጋው የሚቻል አልነበረም፤ ቢሆንም ሻጩ ሞክራችሁ ግዙ ብሎ ለሁለት ቀን ሰጠን። ሰካነው። እውነት ለመናገር ገነት ነበር። ልጄ እግሮቿን ዘረጋች፤ እኔም ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ። አንድ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ተደሰትን። ከዚያ ድው አለና የእኛም የቪላውም መብራት ጠፋ። ቆጣሪው ለሁለታችንም አንድ ነው፤ ፊውዙ ያለው ካድሬው ሳሎን ነው። ሰውየው የሚያዳምጠው ራዲዮ መሀል ላይ ስለተዘጋበት ተናዶ በራችን ላይ ቆመ።

«ጓዶች፣ ምንድን ነው የምታበስሉት?» አለ።

«ልጃችንን» አልኩት።

ባሌ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ካድሬው አልሳቀም፤ ሁለተኛ እንዳይሰካ ብሎ ሄደ። ማሽኑን በማግስቱ መለስነው።

ቀጥሎ የላምባ ማሞቂያ ከጎረቤት ተዋስን። ላምባ በቀበሌ ወረፋ ነው የሚገኘው፤ ባሌ ሥራውን ትቶ ጀሪካን ይዞ ሲቆም ይውላል፤ ይዞት የሚመጣው ለሁለት ቀን አይበቃም። ሽታው ደግሞ ትራሴ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ልጄ ማስነጠስ ጀመረች፤ ባስነጠሰች ቁጥር ነፍሷ የምትወጣ ይመስለኛል። እሱንም ተውነው።

የቀረው ከሰል ነበር። እናቴ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሰል ከሰል ስትል ነበር። እሷ ለእኔ አራስነት ብላ ከደብረ ብርሃን ማዶ የመጣች ሴት ናት፤ ብርድ ምን እንደሆነ ለእሷ አይነገራትም። «ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱን ጨርሶ፣ ፍሙን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል?» አለች። ባሌ አመነታ። በቃ ከሰል ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ ርካሽ ነው፣ ፊውዝ አያቃጥልም፣ ማንንም አናስቸግርም አልኩና ወሰንኩ።

ባሌ ግን ልቡ ስላልረጋ ነርሷን ሄዶ ጠየቃት። ከሰል ጭስ ባይኖረውም እንኳ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ ማንደጃው ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ መስኮቱ ጣት የምታህል ክፍተት ይኑረው ብላ ላከችው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጮኸች። «የአራስ ቤት መስኮት ይከፈታል? ኧረ የምን ጉድ ነው! ይቺ ነርስ ወልዳ ታውቃለች?» ግቢው ሁሉ ሰማት። በየቀኑ ጠዋት መስኮቷን በጣት ልክ ስትከፍት ነርሷን ትረግማለች፤ ውሃ ስትቀዳ ለካድሬው ሚስት ታማርራለች። ግን አንድ ነገር ልናገርላት፤ እናቴ እያጉረመረመች የምትታዘዝ ሴት ነበረች። አንድም ቀን ያን መስኮት ዘግታው አታውቅም።

ቀኖቹ አይሄዱም ነበር። አራስ ነኝና ከደጅ አልወጣም፤ ልጄ በርዷት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አልተኛም። እናቴ ደግሞ ከእኔ በባሰ ታስራ ነበር። ገበሬ ማኅበሯ የሰጣት መሸኛ ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነበረ፤ ካለፈ ሰንብቷል፤ ይህን ደግሞ ከእኛ በቀር በግቢው የሚያውቅ የለም። ያለ ወረቀት የተገኘ እንግዳ ፀጉረ ልውጥ ይባል ነበር፤ እሷንም ያስጠጋትንም ሰው ቀበሌ ይዞ ያሳድራል። ስለዚህ ውሃ የምትቀዳው የቀበሌ ጥበቃዎች ሳይመጡ በማለዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ በር ዘግታ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። ሁለት ሴቶች፣ አንዲት ሕፃንና አንድ ማንደጃ። አንዳንዴ የማልወዳት እስኪመስለኝ ድረስ ያናድደኝ ነበር፣ መቁጠሪያዋን ስታንቀጫቅጭ፣ ስታንጎራጉር፣ ስትተነፍስ ሳይቀር።

ከዚያ የሰልፍ ቀን መጣ። ሰው ሁሉ አብዮት አደባባይ ይወጣል፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ደብተሩን ይነጠቃል። አራስ አትወጣም፣ ይህን ቀበሌውም ያውቃል። ችግሩ እናቴ ነበረች። በዚህ ቀን ጥበቃዎች ቤት ለቤት እያንኳኩ የቀረ ሰው ይፈልጋሉ። እሷ ሌላ ቦታ ትዋል እንዳንል አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እናቴ ይህን ሞቷን ብትሞት አትስማማም።

«ከውጭ ልቆልፍባችሁ እናቴ» አላት ባሌ። «ቁልፍ ያየ ሰው ወደ ዘመድ ወስዷቸዋል ብሎ ያልፋል።»

«ቆልፈው የኔ ልጅ፣ ቆልፈህ ሂድ» አለችው።

ቁልፉ ቀጭ አለ። እናቴ ቀደም ብላ ፍሙን አስገብታ፣ መስኮቱን እንደ ወትሮው በጣት ልክ ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ጸሎቷን ጀምራ ነበር። የልጄን እግር ነካሁት፤ የጠዋት ቧንቧ ውሃ ነው የሚመስለው። በመስኮቷ ክፍተት የሚገባው ነፋስ በቀጥታ ወደ አልጋው ይመጣል። እስክትሞቅ ብቻ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻ አልኩና የልጄን የሽንት ጨርቅ ጠቅልዬ ክፍተቱን ወተፍኩት። እናቴ አላየችኝም። ተመልሼ ተኛሁ፤ ቤቱም ደስ የሚል ሙቀት ሞቀ።

ከዚያ የማስታውሰው ራሴን ሲወቅረኝ ነው። ምች መታኝ አልኩ በልቤ። «እማዬ» ለማለት ብሞክር ምላሴ ከበደኝ። እናቴ ማንደጃው አጠገብ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች ግንባሯን አልጋዬ ላይ ደፍታለች። የተኛች መሰለኝ። ለልጄ ጡቴን ሰጠኋት፣ አልያዘችም። እጇን ሳነሳው ዝም ብሎ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ወይኔ ልጄ! ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለ፤ በጉልበቴ ሄጄ ጨርቁን ነቅዬ ጣልኩና መስኮቱን በርግጄ የልጄን ፊት ፍርግርጉ ላይ አስጠጋሁት። አየሩ ሲነካት አፏን ከፈተች፤ ቆየች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

እናቴ ግን ከበርጩማው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወድቃለች። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ከጮህኩ ጥበቃ ይመጣል፤ ጥበቃ ከመጣ እናቴ ትያዛለች። ካልጮህኩ ትሞታለች። ይህም የሚያሳስብ ሆኖ ትንሽ አሰብኩ፤ ጭንቅላቴ አልሠራ ብሎኝ ነበር። ከዚያ «የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ።

የመጣው አንድ ጎልማሳ የቀበሌ ጥበቃ ነው። ጓጉንቸሩን በጠመንጃው ሰደፍ መትቶ ገነጠለው፤ እናቴን በብብቷ ይዞ ሣሩ ላይ አወጣት፤ ማንደጃውን በእግሩ ገፍቶ ደፋው። ውሃ አፈሰሰባት። አስታወከች፤ ዓይኗን ገለጠች፤ «ልጅቷስ?» አለች። «አለች፣ አለች» አልኳት።

ሰውየው ተመልሶ ወደ ቤት ገብቶ ጨርቁን ከወለሉ ላይ አንስቶ ወጣ። ስለ ወረቀት ይጠይቃታል ብዬ ስጠብቅ፣ «መስኮቱን የወተፈው ማነው?» አለ። «ከሰል እያነደዳችሁ? እማማ፣ እብድ ነዎት እንዴ?»

እናቴ ጨርቁን ትክ ብላ አየችው። ገና አልነቃችም፣ ዓይኗ ይዋልላል። «እኔ ነኛ» አለች ቀስ ብላ። «ከእኔ ሌላ በዚህ ቤት ነፋስ ነፋስ የሚል ማን አለ? ወትፌው ይሆናል።»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ምን ነበር ያልኩት ለራሴ? ትንሽ ትረጋጋ፣ ነገ እነግራታለሁ ነበር ያልኩት። ውሸቴን ነው። ልጇን ልትገድል የነበረች እናት መባል ፈርቼ ነው። ሰውየው ለማንም ሳይናገር ሄደ፤ ወረቀቷንም ከዚያ ወዲያ የጠየቀ አልነበረም።

ባሌ ከሰልፍ ሲመለስ ቀድማ የነገረችው እሷ ናት፤ «ልጅህን ልገድልብህ ነበር» አለችው። «ግድ የለም እናቴ፣ እንኳን ተረፋችሁ» አላት፤ ጨዋ ሰው ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷን ባነሳች ቁጥር ዓይኑ እጇን ይከተላል። እሷም ገባት፤ ማንሳቷን ተወች። የካድሬው ሚስት «እሳቸው'ኮ ያኔም መስኮት ተከፈተ እያሉ ሲያማርሩልኝ ነበር» ብላ ለግቢው አወራች።

ነርሷ ጉዱን ስትሰማ ምን አለች መሰላችሁ? «በሉ ከሰሉን ተዉትና እናትየው ልጅቷን ራቁቷን ደረቷ ላይ ታስተኛት፤ በላዩ ነጠላ ትሰርበት።» ይህን ያኔውኑ ብትነግረን ምን ነበረበት? በነጻ! ፊውዝ የለ፣ ወረፋ የለ። እስከ ክርስትናዋ ድረስ ምድጃዋ እኔ ሆንኩ። ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ኮርኒሱን ሳይ ዋልኩ። መገላበጥ የለም፣ ማከክ የለም። እሷን ግን በረዳት ማለት ቀረ፤ እየወፈረች መጣች።

ዛሬ ልጄ የልጆች እናት ናት። ይህን ታሪክ ሰው ፊት ስታወራ ደስ ይላታል፤ «አያቴ በከሰል ልትጨርሰኝ ነበር» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እናቴ ሞታለች። አልነገርኳትም።

የማልረሳው ግን ይህ ነው። በዚያው ሰሞን ከመድኃኔዓለም አንድ ቄስ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ መጥተው እናቴ በር ላይ ይዛቸው ቆየች። የንስሐ አባቴ ሩቅ ናቸውና እርስዎ ይስሙኝ ብላ ተናዘዘች። እስከ ልጅቷ ክርስትና ድረስ በቀን አርባ ስግደት ሰጧት። ጉልበቷ የታመመ ሴት ናት፤ ክፍሏም ጠባብ ናት፤ ከአልጋዬ እግርጌ ሌላ የምትሰግድበት ቦታ የለም። እኔ ታስሬ እተኛለሁ፤ እሷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ስትነሣ የአልጋዬን ጫፍ ትይዛለች፤ አልጋው ይነቃነቃል፤ ልጄ ደረቴ ላይ ትነቃነቃለች።

አንድ ቀን አልቻልኩም።

«እማዬ፣» አልኳት፣ «እማዬ ተይው በቃ፣ አንቺ አይደለሽም...»

«ዝም በይ እቴ፣ ቁጥሬን ታጠፊብኛለሽ» አለችኝ፣ ግንባሯን ከመሬት ሳታነሳ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ላብ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። «ስንት ላይ ነበርኩ?»

አብሬያት እቆጥር ነበር።

«ሠላሳ ሦስት» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ እናት» አለችና የአልጋዬን ጫፍ ይዛ ለሠላሳ አራተኛው ተነሣች።