ጎኗ የሾለ የወርቅ ሰዓት

ስሜ ይታይሽ ነው፤ እስከ ዛሬ ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን ያስጻፈኝ ሰሞኑን ሹም አቦ ሰፈር፣ አንድ ሰዓት ሠሪ መስኮት ላይ ተለጥፎ ያየሁት ከፈረንጅ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል ነው። አንድ ጎኗ እንደ ቤት ጣሪያ የሾለ የወርቅ ሰዓት። እንደዚያች ያለች በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ትመስለኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ከደቅ ደሴት መጥቼ ባሕር ዳር፣ ጋሽ ደምሴ ቤት ተቀጠርሁ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። በዚያ ሰፊ ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እኔ ደግሞ ከአፍረቴ የተነሣ ቀኑን ሙሉ ሳልናገር የምውል። ክረምት ሲገባ ከጣሪያው ቆርቆሮ በቀር የሚያወራ አልነበረም።

እጃቸው ላይ ሰዓቷን መጀመሪያ ሳያት የተሰበረች መስላኝ፣ “ወድቃ ነው?” አልሁ።

ሳቁ። “ክብማ ማንም ይሠራል” አሉኝ።

ቁጥር የላትም፤ ማሰሪያዋም ከራሷ ጋር አንድ ወጥ ወርቅ ነው፣ እጅ ላይ የሚከብድ። የሚስታቸው ስጦታ ናት። ወርቅ አድርጎ መታየት ስለሚያስጠረጥር ቤት ውስጥ ብቻ፣ እጅጌያቸውን አውርደው ያስሯታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማታ ማታ የምሞላት እኔ ነበርሁ። ክንዳቸውን ይዘረጉልኛል፤ ዓይኔን ከመሙያዋ ሳላነሣ እሞላለሁ። የቀኑ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ሐምሌ ላይ ሰዎች ሊወስዷቸው መጡ። በሩ ሲንኳኳ ሰዓቷን ፈትተው እጄ ላይ አኖሯትና “እንዳትቆም” ብቻ አሉኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ቀበርኋት። ቤቱ ሲፈተሽ አንደኛው ማሰሮውን ከፍቶ ቢያነጥስ፣ ጓደኛው “ፀረ አብዮት አገኘህ?” ብሎ ሳቀበት፤ ክዳኑን መልሶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በፍርሃት ብዙ ቀን አላወጣኋትም። ባወጣኋት ጊዜ ቆማለች። እሳቸው የሞቱ መሰለኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ሞላኋትና ፀሐይ ከዓባይ ማዶ ብቅ እስክትል ጠበቅሁ። ብቅ ስትል ሁለቱንም ቆጣሪዎች ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኋቸው፤ ለእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ነዋ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳላጓድል እየሞላሁ፣ ለሰው ያልተናገርሁትን ሁሉ ለሷ ስነግራት ከረምሁ።

አደይ ሲፈነዳ ተፈቱ። ከስተዋል። ልጃቸው አዲስ አበባ ልትወስዳቸው በር ላይ መኪና አቁማ ትጠብቃለች። ሰዓቷን አቀበልኋቸው። ጆሯቸው ላይ አደረጓት፤ ፊቷን አዩ፣ አዩና “ይታይሽ፣ እኔ እኮ ለውጭ አገር ሬዲዮ ብዬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የማስኬዳት” አሉ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ላስተካክላት እጄን ስሰድ እጄን ያዝ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ሰሞኑን ያ ሰዓት ሠሪ ወጥቶ “ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?” ሲለኝ ሥዕሉን በጣቴ አሳየሁት። ሥዕሉ ላይ ያለችው አትሄድም። የእሳቸው ግን የትም ትሁን የት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆጣሪዎቿ ወደ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ይመስለኛል። ያን ዕለት እጄን ይዘው፣ መኪናው እየጠበቃቸው፣ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩኝ፦

“ተያት ልጄ። አንቺ በጠበቅሻት ፀሐይ ትሂድ።”