የእትዬ ካውያ የልደት ወረቀት

እትዬ ካውያን የማያውቅ ሰው በሰፈራችን የለም። አርባ ዓመት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ስሟን የቀማናት እኛው ነን፤ አንድ ጊዜ ካውያ ካልናት በኋላ እናቷ ያወጣችላትን የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። እሷም አልተቀየመችም። ቀኝ ክንዷ ከግራው ይወፍራል፣ የተጨማደደ ነገር ካየች ደግሞ እጇ አያርፍላትም። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ የማታውቀውን ደንበኛዬን ኮሌታውን በመዳፏ ስታቃናለት ስንቴ ከሳቄ ጋር ታግያለሁ።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከእሷ በር ትይዩ ስለሆነች የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

የነገሩ መነሻ ጡረታ ነው። እትዬ ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የሆስፒታሉ አስተዳደር ጠራትና በወሩ መጨረሻ ጡረታ እንደምትወጣ፣ ከምዝገባ ቢሮ በማህተም የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ካላመጣች ግን ፋይሏ ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ ነገራት። ፋይሉ ካልተንቀሳቀሰ ጡረታ የለም። ባል የላትም፣ ልጅም አልወለደችም። መደገፊያዋ ያ ጡረታና ከወላጆቿ የቀረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነው፤ ቤቱም ቢሆን የእሷና የታናሽ ወንድሟ የጋራ ነው።

ይሄን ወንድሟን ማሙሽ ትለዋለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ፣ መላጣው የሚያብረቀርቅ፣ ቦርጫም ሰውዬ ነው፤ ለእሷ ግን ማሙሽ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ ሃያ። አንሶላ ላይ ጎብጣ አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ዳረችው። ለጋብቻ የጠየቋትን ሁለት ሰዎች «ማሙሽ ትምህርቱን ይጨርስና» እያለች መልሳለች። ማሙሽ ጨረሰ፤ ሦስተኛ ጠያቂ ግን አልመጣም።

የቤተሰቡ ወረቀት በሙሉ እሱ ዘንድ ነው፤ የተማረው እሱ ነው ብላ አስረክባው። ስለዚህ የልደት ወረቀቷን መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነበር። ፈልጌ አመጣለሁ አላት። ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። እንግዲያው ሄጄ ቅጂ ላውጣ ስትለው በዚህ ጉልበትሽ ወረፋ አትቁሚ፣ እኔው እጨርሰዋለሁ ብሎ ተማጸናት። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ መደወል ጀመረ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ደውሎ የማያውቅ ሰው። ስለ ጤናዋ ይጠይቅና ስልኩን ሊዘጋ ሲል «ቢሮ አልሄድሽም አይደል?» ይላታል። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም። ወንድሜ ለእኔ ማሰብ ጀመረ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔ ግን አላመንኩትም።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ተቆጣሁና ሱቄን ዘግቼ ይዣት ሄድኩ። ለማሙሽ እንዳትነግረው የመከርኳትም እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ይዘሽ ስትመጪ ይገረም አልኳት።

የምዝገባ ቢሮው ረጅም ኮሪደር ነው። በአንድ በኩል በሰው መቀመጥ ብዛት ቀለሙ የለቀቀ አግዳሚ ወንበር፣ በሌላው በኩል መስኮት በመስኮት። በሦስተኛው መስኮት ያለችው ልጅ ደግ ነበረች። ፎርሙን ራሷ ሞላችላት፣ የመታወቂያዋን ቁጥር ገለበጠች፣ መዝገብ ቤት ተፈልጎ ስለሚሠራ በሳምንቱ ተመለሱ አለችን። እትዬ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያወራችው ስለ ልጅቷ ሸሚዝ ነበር፤ ትከሻው ላይ በደንብ አልተተኮሰም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች መጡ። እትዬ ሥራ ላይ ነበረች። አንደኛው ከበሯ እስከ አጥሩ ጥግ በእርምጃው ለካ፣ ሌላው ጣሪያውን በስልኩ ፎቶ አነሳ። መቀሴን እንደያዝኩ ወጣሁና ምን ፈልጋችሁ ነው አልኳቸው። ባለቤቱ ልከውን ነው አሉኝ።

«የትኛው ባለቤት?» አልኩ።

«ስንት ባለቤት አለው?» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው መልሶ ጠየቀኝ። የምሩን ነበር የጠየቀኝ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። ለእትዬ አልነገርኳትም። ወረቀቷ እስኪወጣ ለምን አስጨንቃታለሁ አልኩ፤ የፈራሁት እኔ እንደሆንኩ አሁን ነው የገባኝ።

በሳምንቱ ስንመለስ የሦስተኛዋ መስኮት ልጅ ፊቷ ተለውጧል። ደህና አደራችሁ እንኳ አላለችንም። እትዬን አየቻት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ እንደገና እትዬን አየቻት።

«ለባለ ወረቀቷ ምኗ ነዎት?» አለቻት።

እትዬ የራሴን ነው የጠየቅሁት አለቻት። ልጅቷ መታወቂያዋን ተቀብላ በጓሮው በር ወጣች። ቆየች። ወረፋ የያዘው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ሌላ መስኮት ሂዱ ተባለ። ደጅ የነበረው ጥበቃ ገባና ከኋላችን ቆመ። እኛን አያየንም፤ ግድግዳውን ነው የሚያየው። እትዬ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ ወረቀቴ ተበላሽቶ ይሆናል አለችኝ።

ኃላፊው ቢሮ አስገቡን። ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ጠረጴዛውን የሞላ አሮጌ መዝገብ ተዘርግቷል። እትዬ አጎንብሳ አየችው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የተወለደችበት ቀን በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ አዲስ ነው።

«እናቴ፣ ይህ ገጽ ተዘግቷል» አለ ኃላፊው። «ባለ ወረቀቷ ከሁለት ወር በፊት ሞተዋል።»

እትዬ ሳቀች። «እኔ ነኝ እኮ ልጄ» አለችው።

እሱ አልሳቀም። ሞቱ ቤት ውስጥ የደረሰ ነው፣ የልደት ወረቀቱ ዋናው ቀርቧል፣ አስመዝጋቢው ወንድምየው ናቸው፣ ሁለት ምስክር ፈርሟል ብሎ አስረዳት። እትዬ ወንድምየው የሚለውን ስትሰማ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ወንበሩን ስቤ አስቀመጥኳት። ያንን መላጣ ሳገኘው የማደርገውን በልቤ እየዘረዘርኩ ነበር። የጋራ ቤቱን ብቻውን ለመውረስ ያሳደገችውን እህቱን በቁሟ ቀበራት። በቀን ሁለት ጊዜ የሚደውለው ይህንን ገጽ እንዳታይ ነው።

እትዬ ምስክሮቹን አሳየኝ አለችው። ኃላፊው ቅጹን አዙሮ ሰጣት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች። የመጀመሪያውን አላወቀችውም። ሁለተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ስሜ ነው፣ ከነአባቴና ከነአያቴ፤ ጎኑም የእኔው ፊርማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ ሰፈር ምስክር የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ ሱቄ ሁልጊዜ ክፍት ናት፣ የመታወቂያዬም ኮፒ መሳቢያዬ ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጣል። ለኪራይ ውል፣ ለጠፋ መታወቂያ፣ ለጋብቻ ፈርሜያለሁ። የሚፈርም ሰው ግን ወረቀቱን አያነብም። ጎረቤት አክብሮ ያመጣውን ወረቀት ፊቱ ላይ ማንበብ ሌባ ነህ ማለት ነው በእኛ ዘንድ፤ ተነበበብኝ ብሎ ያኮረፈ ሰው አለ። እኔም አለማንበቤን እንደ ጨዋነት ቆጥሬ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ከሁለት ወር በፊት ማሙሽ ጢሙን ሊላጭ መጣ። ሲጨርስ ከኪሱ ወረቀት አወጣና ለአንድ ዘመድ ጉዳይ ምስክር ጎደለኝ አለ። ፈረምኩ። ኮፒውንም ሰጠሁት። አመስግኖኝ ሄደ።

እትዬ ቀና ብላ አላየችኝም። ጣቷን ከስሜ ላይ አላነሳችም።

ኃላፊው መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና እስክሪብቶ አነሳ። «ከሁለት አንዱ ነው» አለ። «እርስዎ በሟች መታወቂያ የመጡ ሌላ ሰው ነዎት፣ ወይም እነዚህ ሦስት ሰዎች ዋሽተዋል። ዋሽተው ከሆነ አሁኑኑ ለፖሊስ እጽፋለሁ፤ ሦስቱም ዛሬ ይያዛሉ። የትኛውን ልጻፍ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነኝ፣ ሴትየዋ እሷው ናት፣ በሕይወት አለች፣ ቤቷ ከእኔ ሱቅ ትይዩ ነው ማለት ነበረብኝ። ይህ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከቃሉ በፊት ግን አራቱ ልጆቼ መጡብኝ፣ ቀጥሎ የተዘጋው ሱቄ፣ ቀጥሎ እስር ቤት። አፌን ከፈትኩ መሰለኝ። ድምፅ አልወጣም።

እትዬ ቅጹን ወደ ኃላፊው መለሰችለት። ጫፉ ታጥፎ ስለነበር በአውራ ጣቷ ተጭና አቃናችው።

«ዘመዷ ነኝ» አለችው። «መልካችን ይመሳሰላል። ወረቀቷ ይጠቅመኛል ብዬ ነው የመጣሁት። መሞቷን አልሰማሁም ነበር።»

የኃላፊው ትከሻ ወረደ፤ ሥራ እንደቀለለለት ያስታውቅበት ነበር። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት፣ ይህ ያስከስሳል፣ ለዕድሜዎ ብዬ ነው የማልፈው አላት። ከዚያ ከመሳቢያው መቀስ አወጣና መታወቂያዋን ከፎቶው ጀምሮ ለሁለት ቆረጠው። የመቀስ ድምፅ ለእኔ እንጀራዬ ነው፤ እንደዚያን ቀን አሰቅቆኝ አያውቅም። ስንወጣ የሦስተኛዋ መስኮት ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። ነገሩ ተነግሯት ይሆናል፣ ፊቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ደግ ሆኗል። እግዜር ያጽናዎት እናቴ አለቻት። እትዬም አሜን አለች።

መንገድ ላይ ከኋላዋ ነበር የምሄደው፤ አብሬያት ልራመድ አልቻልኩም። ጡረታው ቀረ። ቤቱንም ማሙሽ ለእነዚያ ለለኩት ሰዎች ያስረክባል፤ ስለ ሰዎቹ ባልነግራትም ቤቱ እንደማይቀርላት ሁለታችንም እናውቃለን። አርባ ዓመት የሠራችውን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጥላው ወጣች። እንመለስ፣ እኔ ልናገር፣ ልታሰር አልኳት። ይህን ያልኩት ቢሮው ለምሳ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«እኔ ብነሳ እሱ ይታሰራል» አለችኝ ሳትዞር። «አንተም ትታሰራለህ። አራት ልጅ አለህ።»

የሱቄ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ከቢሮው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አንብበኸው ነበር?» አለችኝ።

«አላነበብኩትም እትዬ» አልኳት።

አመነችኝ። ኮሌታዬን አቃናችልኝና መንገዱን ተሻግራ ገባች።

ለእናንተ እውነቱን ልናገር። ሙሉውን አላነበብኩትም። ከላይ በደማቁ የታተመውን «የሞት ማስመዝገቢያ ቅጽ» የሚለውን ግን አይቼዋለሁ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር።