ሳጥኑ አብሮኝ አይወርድም

ታላቅ ወንድሜ ሚኒባሱን ፈላና በር አጠገብ ወዳለችው ጋራዤ አስጎትቶ ሲያመጣው ሞተሩ ጭራሽ አልዞር ብሎ ነበር። ምርጫው ሁለት ነው። ወይ ከፋብሪካ እንደወጣ በሳጥን የታሸገውን ሞተር ከድሬዳዋ አምጥቶ ማስገባት፣ ወይ የራሱን ፈትቶ፣ ፋሻና ብሮንዚን የሚባሉትን ያለቁ የውስጥ ዕቃዎች ቀይሮ እንደ አዲስ መግጠም። ሳጥኑን እንዲመርጥ ለመንኩት። ሥራው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ዳገቱ አያስፈራኝም። ዳገት ላይ ሞተር ቢጠፋ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ መውረድ ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ ግን መኪናውን የሚይዘው በከባድ ማርሽ የገባ ሞተር ነው፤ ፍሬን ብቻ ያመነ ሹፌር ገደል ይጠብቀዋል። ያ የሚይዘው ነገር የእኔ እጅ ሥራ ሊሆን ነው።

እኛ መካኒኮች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ሞተር የገጠመ ሰው የመጀመሪያዋን ቁልቁለት ጋቢና ተቀምጦ አብሮ ይወርዳል።

«ወንድም ጋሼ፣ ፋብሪካ እንደ እኔ አይሳሳትም» አልኩት።

«ሳጥኑ አብሮኝ አይወርድም» አለኝ። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ።

ፈታሁት፤ ገጠምኩት። ያጠበቅኩትን ብሎን ተመልሼ እነካካለሁ፣ ደግሜ አጠብቃለሁ። ምግብ አልወርድ አለኝ። ሚስቴ «ሞተሩ ዳነ፤ አንተ ነህ የቀረኸው» እያለች ትቀልድብኛለች።

በምንወርድበት ጠዋት እናታችን ነጠላዋን ተከናንባ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላትም።

«እማዬ፣ ዛሬ ሙከራ ነው፤ ሰው አንጭንም» አልኳት።

«አንዳችሁ ብትቀሩ ኖሮ እኔም እቀር ነበር» አለች። የሚያስወርዳት ጠፋ።

ደንገጎ አፋፍ ላይ ወንድሜ ማርሹን አከበደ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናው ያዝ አለ። በየመታጠፊያው አንድ ነገር ሲሰበር የሰማሁ እየመሰለኝ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨብጬ ወረድኩ። ከኋላ እናቴ ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች፤ ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። እሷ ካልፈራች ምን ሆኜ ነው የምፈራው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሜዳው ላይ ደርሰን ስንቆም ከኋላ እጇን ዘርግታ ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። እጇ ከእኔ ጉልበት ይበልጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።