የፍየሏ ችካል

መሬት ለኪው የሌላውን ሰው ቀዬ ሲለካ አመንትቶ አያውቅም። ያን ጠዋት ግን መኪናው አክስቱ ደጅ ሲቆም ከመቀመጫው መነሣት አቃተው።

እናቱን በጨቅላነቱ ሞት ወስዶበት ያሳደገችው ይህች አክስቱ ናት። ከታች ከወንዙ ውሃ በማድጋ እየቀዳች፣ ያንን ወገብ ሰባሪ ዳገት እየወጣች፣ አጥባ አብልታ ለቁም ነገር አበቃችው። የፈጣሪ ሥራ አይታወቅምና፣ በዚያው ወንዝ ላይ የኃይል ማመንጫ ግድብ ሊሠራ ሲታሰብ ከአጥኚዎቹ አንዱ እሱ ሆነ። ግድቡ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበትን ጠርዝ ቀድሞ የመጣ ቡድን በቀይ ችካል ምልክት አድርጎበታል። የእሱ ሥራ ችካሎቹ በትክክል መቆማቸውን ማረጋገጥ ነው።

አንደኛው ችካል ከአክስቱ ቤት በላይ ቆሟል። ከችካሉ በታች ያለው ሁሉ ሊሰምጥ ነው ማለት ነው፤ ቤቱም፣ ከቤቱ ጎን ያለው የእናቱ መቃብርም።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችው አብራው የመጣችው የባህል አጥኚ። የእሷ ሥራ ውሃው የሚነካቸውን መቃብሮችና የጸሎት ቦታዎች መመዝገብ ነበር።

«እናቴ ያረፈችው እዚህ ነው። እትዬ ደግሞ እህቷን ጥላ ንቅንቅ አትልም።»

ይህን ሲል አክስቱ ፍየሏን በገመድ እየጎተተች ብቅ አለች።

«እንደ እንግዳ ደጅ ትገተራለህ እንዴ አንተ ልጅ?» ብላ ጉንጩን ሳመችው።

እሱ ከየት እንደሚጀምር ሲጨንቀው፣ እሷ እያወራች ሄዳ ገመዱን ቀዩ ችካል ላይ ጠምጠም አደረገችው።

«እትዬ፣ ይሄ ችካል . . .»

«ሸጋ ነው አይደል? እነዚያ ጓደኞችህ እታች ሾላው ሥር ረስተውት ሄዱ። መጀመሪያ ፍየሏን እዚያው አሰርኳት። ጭቃው እግሯን ሲያቆስልብኝ ጊዜ ነቅዬ ሣር ወዳለበት አመጣሁት። ልትወስዱብኝ ነው እንዴ?»

የባህል አጥኚዋ ወደ ፍየሏ ጎንበስ አለች። «አንቺ ቀበጥ፣ ይህን የሚያህል ግድብ ብቻሽን ዳገት አወጣሽው?»

እሱ ለመሳቅ አልደፈረም። መሣሪያውን ተክሎ፣ ከፍታው ከሚታወቅ ቋጥኝ ተነሥቶ ለካ። አላመነም፤ ደግሞ ለካ። ጠርዙ ያረፈው ሾላው ሥር ነው፤ የችካሉ ጉድጓድ እንኳ ገና አልተደፈነም። ከዚያ በታች ደግሞ ቁጥቋጦና ድንጋይ እንጂ ሰው የሚኖርበት ቤት የለም። መሬት ላይ ቁጭ አለና «ተመስገን» አለ።

ከዚያ የግድቡን ነገር ሁሉ ለአክስቱ ነገራት።

«እህቴን አይነካትማ?»

«አይነካትም።»

«እንግዲያ ችካልህን ውሰድ። ለፍየሏ ግን ሌላ ትተክልልኛለህ፤ ቀለም ባይኖረውም ግድ የለኝም።»

እንጨት ቆርጦ ጠርቦ ተከለላት። እሷ ግን ዓይኗን ከሾላው አልነቀለችም።

«ውሃው እዚያ ድረስ ይመጣል አልክ?»

«ይመጣል እትዬ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ማድጋ ተሸክሜ ስወርድለት ኖርኩ» አለች፣ አፏን በእጇ ከድና እየሳቀች። «በስተርጅና እሱ ሊወጣልኝ ነው በለኛ።»